ተበዳዩ የማያውቀው በደል

አንድ ሰው ተበድሎ መበደሉን ጨርሶ ሳያውቅ ቢቀር በደሉ ምን ይባላል? ጩኸት የለም፣ ክስ የለም፣ ምስክር የለም። በዳዩም ብዙ ጊዜ የሠራውን አያውቅም። ጥያቄው የፍልስፍና መምህራን ለክርክር ያህል የሚያነሡት ረቂቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይነ ስውር ባለሙያና ዓይናማ ባልደረባው አንድ የኦንላይን ሠንጠረዥ በጋራ በሚሠሩበት ቢሮ ሁሉ በተግባር ይነሣል። አንዱ በማውስና በዓይኑ፣ ሌላው በኪቦርድና በስክሪን ሪደር እዚያው ገጽ ላይ ይውላሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ነገር እያነበቡ እንደሆነ ያምናሉ። እኔ እዚህ የምከራከርለት ሐሳብ፣ በዚህ ገጽ ላይ ለዓይነ ስውሩ ከሚቀመጡት እንቅፋቶች የሚከብደው ምንም ሳያሳውቅ የሚያሳልፈው ነው የሚል ነው። እሱን የማንሣት ግዴታም ከሶፍትዌር ኩባንያው አስቀድሞ ሴሉን በሚሞላው ሰው ላይ ይወድቃል።

ነገሩን ለመመዘን አሠራሩን ማወቅ ያሻል። ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ወይም ወደ ብሬል መሣሪያ የሚልክ ፕሮግራም ነው። በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊ መሐንዲስ ቴድ ሄንተር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጃውስ፣ እንዲሁም ሚካኤል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 የጀመረውና በነጻ የሚታደለው ኤንቪዲኤ በብዛት ከሚሠራባቸው መካከል ናቸው። ተጠቃሚው ጉግል ሺትስን ከፍቶ ኮንትሮል፣ አልትና ዜድን አንድ ላይ ሲጫን የስክሪን ሪደር ድጋፉ ይበራል። ኤንቪዲኤ የሚጠቀም ከሆነ ፎከስ ሞድ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ አለዚያ የቀስት ቁልፎቹ ሠንጠረዡን ትተው የድረ ገጹን ጽሑፍ መዳሰስ ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ ማውስ አያስፈልገውም። ቀስት በተጫነ ቁጥር የሴሉ ይዘትና አድራሻው ይነገረዋል፦ «አልማዝ፣ ኤ7»፤ «82፣ ቢ7»፤ «ባዶ፣ ሲ7»። ኮንትሮልን ከቀስት ጋር ሲጫን መረጃው እስከሚያበቃበት ይዘላል፤ ኮንትሮልና ሆም ወደ መጀመሪያው ሴል ይመልሱታል፤ ኤፍ2 ሴሉን ለእርማት ይከፍትለታል። አንድ ሙሉ ረድፍ ወይም ሙሉ ዓምድ እንዲነበብለት ማዘዝም ይችላል። የሠለጠነ ሰው ንባቡን ያልለመደ ጆሮ በማይከተለው ፍጥነት እያስኬደ በዚህ መንገድ በጀት ይዘጋል፣ ውጤት ይመዘግባል፣ ቀመር ይጽፋል።

እዚህ ላይ መሠረታዊ ተቃውሞ ይነሣል። ሠንጠረዥ በባሕርዩ የዓይን ነገር አይደለምን? ረድፍና ዓምድ የተሰመሩት በአንድ እይታ እንዲቃኙ ነው፤ ስለዚህ ዓይነ ስውር ሰው የሚቀርበት ነገር ቢኖር የቀረበት ከነገሩ ተፈጥሮ የተነሣ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም ይባላል። ይህ ከጸና የቀረው ክርክር ሁሉ ይፈርሳልና በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ግን ሩቅ አገር አያስኬድም። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበት የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ሠንጠረዥ ነው፦ ለእያንዳንዱ ወንበር አበቅቴው፣ ለእያንዳንዱ ወንበር መጥቅዑ። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። በ2016 ዓ.ም. ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነበር። የአብነት ተማሪ ይህን በቃሉ ይይዘዋል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ጉባኤ ዘርግተው ማስተማራቸውም እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የያዘ ሰው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሲጠየቅ ገጽ ሳይገልጥ ከወንበር ወደ መጥቅዕ፣ ከመጥቅዕ በዕለቱ ተውሳክ ወደ መባጃ ሐመር፣ ከዚያም ወደ ጾመ ነነዌ፣ ከነነዌም ወደ ፋሲካው ይሻገራል። የሚሻገረው በዝምድና ላይ ነው፤ የአንዱ ስም ከሌላው ስም ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያውቃልና። በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣው ኒኮላስ ሳውንደርሰንም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1711 ጀምሮ፣ ቀድሞ ኒውተን በያዘው የካምብሪጅ የሒሳብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያስተምር፣ ቁጥሮችን በሰሌዳ ላይ በሚሰኩ ስፒሎች እየዳሰሰ ያሰላ ነበር። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ለግል ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራምም ቢሆን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበር። «ቢ7» ስም ነው፤ ስም ደግሞ በጆሮ ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ግድ ይላል። አንደኛው ሠንጠረዡ በራሱ የሚናገረው ነው፤ ይህ ወደ ጆሮ ያለ ጉድለት ያልፋል። ሁለተኛው ሠንጠረዡን የሠራው ሰው በዓይን በኩል ብቻ የጨመረበት ትርጉም ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያን እናስብ። የክፍል ኃላፊው መረጃቸው ያልተሟላ ተማሪዎችን ረድፍ ቢጫ ቀባ፤ ከላይ ሦስት ዓምዶችን አዋሕዶ «አንደኛ መንፈቀ ዓመት» ብሎ ጻፈ፤ ትምህርት ያቋረጡትን ረድፍ ደበቀ። ዓይናማ መምህር ሲከፍተው ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይገባዋል። ዓይነ ስውር መምህር በቀስት ሲወርድ ስም ይሰማል፣ ቁጥር ይሰማል፣ አድራሻ ይሰማል። ቢጫ የሚባል ነገር አይሰማም፤ ስክሪን ሪደር ካልታዘዘ በቀር ስለ ቀለም አያነሣም፤ ኤንቪዲኤም ሲጫን የቀለም ንባቡ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የተዋሐደው ርእስ በአንድ አድራሻ ሲነገረው የትኞቹን ዓምዶች እንደሚሸፍን በቀላሉ አይረዳም። የተደበቁት ረድፎች ላይ ሲደርስ አድራሻው ከ14 ወደ 19 ይዘላል፤ ቁጥሩን ነቅቶ ካልተከታተለ አራት ተማሪ መታለፉን አያውቅም። ፕሮግራሙ «እዚህ ያልነገርሁህ ነገር አለ» የሚልበት ድምፅ የለውም። መምህሩ ዝርዝሩን ጨርሶ፣ ሁሉንም እንዳነበበ አምኖ ይዘጋዋል።

ፋይሉ ጨርሶ አልከፍት ቢለው ኖሮ ይሻለው ነበር እላለሁ፤ የተዘጋ በር መዘጋቱን ራሱ ይናገራልና። የአቤቱታ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ይጠገናል። የኦንላይን ሠንጠረዥ ደግሞ ዝምታውን የሚያበዛበት የራሱ ጠባይ አለው፤ ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ ይነኩታል። በጆሮ የሚሠራ ሰው የገጹን ካርታ በአእምሮው ይሥላል፤ ደመወዝ ዲ ላይ ነው፣ ግብር ኢ ላይ ነው፣ ፊርማ ኤፍ ላይ ነው። ሌላው ባልደረባ መሐል ላይ አንድ ዓምድ ሲያስገባ ከዚያ ወዲያ ያለው ካርታ ሁሉ በአንድ ደረጃ ይንሸራተታል። ዓይናማው የሌላውን ሰው ባለቀለም ጠቋሚ ሲንቀሳቀስ ያያል። ጉግል ሰዎች ወደ ፋይሉ ሲገቡና ሲወጡ የሚያሳውቅ አማራጭ አኑሯል፤ ጠቃሚ ነው፤ ሰው መግባቱን ማወቅ ግን የገባው ሰው ምን እንዳደረገ ማወቅ አይደለም። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ዝምታ አለ። የግእዝ ፊደልን የማያውቅ የድምፅ ማመንጫ አማርኛ የተጻፈበት ሴል ላይ ሲደርስ ዘልሎት ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የተሞላው ሴል ከባዶው አይለይም። አማርኛ የሚያነቡ ድምፆች ዛሬ አሉ፤ በነጻ የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ አንዱ ነው። በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ መጫናቸውን የሚያስብ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ነገሩ የሃይማኖት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 14 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይከለክላል፦ መስማት የተሳነውን መርገምና በዓይነ ስውር ፊት እንቅፋት ማኖር። ሁለቱ ለምን በአንድ ቁጥር ተጣመሩ? እኔ የሚታየኝ የጋራ ባሕርያቸው ተበዳዩ ከሳሽ ሊሆን አለመቻሉ ነው። የተረገመው ርግማኑን አልሰማም፤ ስለዚህ አይቆጣም፣ አይመልስም፣ አያዝንም። የወደቀውም ድንጋዩን ሰው ያስቀመጠው ይሁን በተፈጥሮ የነበረ ይሁን አያውቅም፤ መሬቱን ወይም ራሱን ይወቅሳል። ሰው የማይመሰክርበት በደል ነውና ትእዛዙ ወዲያው ወደ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያልፋል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው የአይሁድ ሊቅ ራሺ ይህን ቁጥር ሲተረጉም፣ ዓይነ ስውር የተባለው በአንድ ጉዳይ ዕውቀት የሌለው ሰው ነው፣ እንቅፋቱም የማይበጀውን ምክር መምከር ነው ይላል፤ መካሪው በቅንነት ይሁን በተንኰል የመከረው ሰው ሊለየው ስለማይችል፣ ልብን የሚያውቀውን አምላክ መፍራት ታዘዘ ይላል። ትርጓሜው ጥልቅ ነው፤ ብዙ ነገርም ይሸፍናል። እኔ ግን የቃሉ ቀጥተኛ መልክ በምሳሌው ሥር ተውጦ እንዲቀር አልፈልግም። ቀጥተኛው ዓይነ ስውር ዛሬም አለ፤ እንቅፋቱ ብቻ ከድንጋይነት ወደ ቢጫ ቀለም ተለውጧል።

በእስልምናም ለዚህ ጥያቄ የሚቀርብ ታላቅ ምስክር አለ። 80ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ዐበሰ ይባላል። በአብዛኞቹ ሙፈሲሮች፣ ማለትም የቁርኣን ተንታኞች፣ ትርጓሜ ነቢዩ ሙሐመድ የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ እምነት ለማምጣት ሲነጋገሩ ሳለ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም የተባሉት ዓይነ ስውር ሰሓባ ለመማር ቀረቡ፤ ነቢዩም ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ስለዚህም ተግሣጽ ወረደ። ኢብኑ ኡሙ መክቱም በኋላ ከሐበሻዊው ቢላል ጋር ሙአዚን ሆነው አገልግለዋል። እኔን እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ ዐብደላህ ያንን ፊት ሊያዩት አለመቻላቸው ነው። ቃል አልተነገራቸውም፤ የገጽ ለውጥ ብቻ ነበር። ዐብደላህ ባላዩት ነገር አልተጎዱም ተብሎ ዝም ሊባል ይችል ነበር፤ ተግሣጹ ግን ወርዶ እስከ ዛሬ ይነበባል። ኦሪትና ቁርኣን በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በዚህ ነገር ግን የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ የበደል ሚዛኑ ተበዳዩ ማየቱ አይደለም።

ሕግ ይህን ክፍተት ይሞላው ይሆን? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተገቢ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በስም ጠርቶ ተደራሽነትን ይጠይቃል። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው፤ ስክሪን ሪደር የተጫነበት ኮምፒውተር እንዲቀርብለት የሚጠይቅ ሠራተኛ መሠረት የሚያደርገው እነሱን ነው። ሕግ ግን የሚንቀሳቀሰው በአቤቱታ ነው። አቤት የሚለው ደግሞ የጎደለበትን የሚያውቅ ሰው ነው። ቢጫው መኖሩን የማያውቅ መምህር ምን ብሎ ይከሳል? ሕግ በማይደርስበት በዚህ ቦታ የሚቀረው ኅሊና ነው፤ ኅሊና ደግሞ ካልተማረ ይተኛል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ እንደ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ያልናፈቀ ሰው ምን ጎደለበት? ነገር ግን ናፍቆት የጉዳት መለኪያ ሊሆን አይችልም። አባቱ የተወለትን ርስት ሞግዚቱ የሸጠበት ሕፃን ርስት እንደነበረው ሳያውቅ ቢያድግ፣ ሳያዝን ስለኖረ ብቻ አልተዘረፈም የሚል ዳኛ የለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሞት በጻፈው ጽሑፍ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ሰው በወዳጆቹ መከዳቱን ሲያውቅ የሚያዝነው ክዳቱ ቀድሞውኑ ክፉ ስለሆነ ነው፤ ክዳቱን ክፉ ያደረገው ኀዘኑ አይደለም ይላል። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ ጉዳቱ ከስሜትም ያልፋል። መምህሩ ያልተሟላውን ውጤት እንደተሟላ አድርጎ ያስተላልፋል፤ ስሕተቱ በስሙ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ «ምልክት አድርገንበት ነበር እኮ» ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በሌላ ሰው እንዲፈተሽ ይደረጋል። ቢጫ የቀባው ሰው ያኖረው እንቅፋት የዓይነ ስውሩ የችሎታ ማነስ ሆኖ በፋይሉ ይቀመጣል። ይህ ክፍል ከሁሉ ያሳዝነኛል፤ በደሉ ተሰውሮ ከመቅረቱም በላይ ስሙን ቀይሮ በተበዳዩ ላይ ይጻፋልና።

ሐሳቤ ክፉ አልነበረም የሚል ሰው እውነቱን ነው። ቢጫ የሚቀባ ሰው ሥራ ለማቅለል እንጂ ማንንም ለመጉዳት አይደለም። ነገር ግን በደለኛነትና ተጠያቂነት አንድ አይደሉም፤ ኦሪትም ለይቷቸዋል። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ቁጥር 33 እና 34 ላይ ጉድጓድ ከፍቶ ወይም ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። ባለ ጉድጓዱ በሬው እንዲሞት ፈልጎ ነበር ወይ ተብሎ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ከድኖታል ወይ ተብሎ ነው። ጉዳትን አስቀድሞ የሚከላከል ትእዛዝም በዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አለ፦ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከላይ እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ ያበጅ ዘንድ ታዟል። መከታው የሚሠራው ቤቱ ሲሠራ ነው፤ ሰው እስኪወድቅ አይጠበቅም። ቤቱን የሚጎበኘው እንግዳ ማን እንደሆነ፣ ይምጣ አይምጣ እንኳ በማይታወቅበት ጊዜ ግዴታው ጸንቷል። «እኛ ቢሮ ዓይነ ስውር ሠራተኛ የለም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ሊንክ ተልኮ የሚዞር ፋይል ነገ በማን እጅ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም። የቀባው ሰው አለማወቅም ዕድሜ አለው፤ የስክሪን ሪደርን አሠራር ከሰማበት ቀን በኋላ የሚቀባው ቢጫ ከበፊቱ ቢጫ ጋር አንድ አይደለም።

ይህን መፍታት የኩባንያዎች ሥራ ነው የሚለው መከራከሪያ በግማሹ ልክ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሁለተኛ እትሙም ቀለም ብቻውን መረጃ እንዳይሸከም ይጠይቃል፤ ይህንንም ያስቀመጠው ከዝቅተኛው፣ ማለትም ማንም ሊያጎድለው ከማይገባው ደረጃ ነው። ኤክሴል የተዋሐዱ ሴሎችንና መግለጫ የሌላቸውን ሥዕሎች እየለቀመ የሚያሳይ የተደራሽነት መፈተሻ አለው። ኩባንያዎች ከዚህ የበለጠ እንዲሠሩ መጠየቅ ይገባል። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ ሊሠሩ አይችሉም። ቢጫው «ያልተሟላ» ይሁን «የተጣራ»፣ «አስቸኳይ» ይሁን «የተሰረዘ» በፋይሉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያለው በቀባው ሰው ሐሳብ ውስጥ ነው። ስክሪን ሪደሩ የቀለሙን ስም እንዲናገር ቢታዘዝ እንኳ የሚያመጣው ቢጫ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ምስልን የሚገልጸው አዲሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ከዚህ አያልፍም። ለዓይነ ስውራን ብዙ ነገር እያቀለለ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ሆኖም ያልተጻፈን ትርጉም ሲጠየቅ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ግምቱም በተስተካከለ አረፍተ ነገር ስለሚመጣ ሰሚው እንዳይጠራጠር ያደርገዋል። ይህ ደግሞ የተነሣንበትን ዝምታ አጥብቆ ይሰውረዋል።

ዓይነ ስውሩ ራሱ ይጠይቅ የሚሉም አሉ። ጥሩ ባልደረባ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ይህም የሥራ ወግ ነው። ግን ሰው የሚጠይቀው መኖሩን ስለጠረጠረው ነገር ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ «ያልሰማሁት ነገር አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ፣ በራሱ እጅ ለመሥራት ዓመታት የለፋውን ሰው መልሶ በሌላ ሰው ዓይን ሥር ማኖር ነው። ምጽዋት በሃይማኖቶቻችን ክቡር ነገር ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩን አስቀምጦ የወደቀውን ማንሣት ምጽዋት አይባልም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሸክምን የሚያነሣው ነው። ቀለም ለዓይናማው በእውነት ይጠቅማል፤ በሺህ ረድፍ ውስጥ ችግር ያለበትን በቅጽበት ያሳያል። ለአንድ ሰው ሲባል ለሌሎቹ ሁሉ ይጥፋ? ማንም እንዲህ አላለም። ቀለሙ በቦታው ይኑር፤ ከጎኑ «ሁኔታ» የሚባል ዓምድ ይጨመርና ቃሉ ይጻፍ። ቃሉ ሲጻፍ ቀለሙን በሁኔታው መሠረት ሠንጠረዡ ራሱ እንዲቀባ ማዘዝ ይቻላልና ሥራው አይደገምም፤ እንዲያውም በቃሉ መለየትና መቁጠር ስለሚቻል ዓይናማውም ያተርፋል። ርእሶች በአንድ ረድፍ፣ ለአንድ ዓምድ አንድ ርእስ ይሁን፤ ሴል ለጌጥ አይዋሐድ፤ ረድፍ ሲደበቅ ከላይ ይነገር፤ ዓምድ የሚያስገባ ሰው ለባልደረቦቹ ያሳውቅ። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በቅንነት ለመናገር ግን በቃል የማያልቁ ነገሮች አሉ። የአምስት ዓመት ዝናብ መጠን በግራፍ ሲሣል ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ቅርጽ አለ፤ ጆሮ ቁጥሮቹን ሁሉ ቢሰማም በዚያው መልክ አያገኘውም። እዚህ ላይ እኩል ልምድ ልንሰጥ አንችልም፤ አምላክም የማይቻለውን አይጠይቅም። የሚቻለው ግራፍ መኖሩን፣ ስለ ምን እንደሆነና ዋናውን አካሄዱን በጽሑፍ ማኖር ነው። ያን ጊዜ ሰሚው የቀረበትን ያውቃል፤ ካወቀ ሊጠይቅ፣ ሊከራከር፣ ቢፈልግ ሊተወው ይችላል። ዝቅተኛው ዕዳ ይህ ነው፦ የጎደለው ነገር ቢጎድል እንኳ መጉደሉ እንዲታወቅ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በቢሮ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የሚደጋገመውም እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ሠንጠረዥ አይፈጥርም፤ ይቀዳል። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ሲገባ ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ የተዋሐዱት ርእሶችና ቀለሞቹ ግን እንዳሉ ይሻገራሉ። የቀዳው ሰው እኔ አልቆፈርሁትም ሊል ይችላል። የዘጸአቱ ሕግ ግን የቆፈረውን ብቻ አልጠራም፤ የከፈተውንም ጠርቷል፤ ቀድሞ የነበረውን ጉድጓድ ገልጦ የተወ ሰው ከቆፋሪው እኩል ይከፍላል። ስለዚህ ፋይሉን ቀድቶ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ ቀለም ምን ለማለት እንደተቀባ መጠየቅና መልሱን በዓምድ መጻፍ የቀጂው ድርሻ ነው። የቀባው ሰው መሥሪያ ቤቱን ለቆ ትርጉሙን የሚያውቅ ከጠፋ ደግሞ ቀለሙ ለዓይናማውም ቢሆን የሚነግረው ነገር የለምና ከአዲሱ ፋይል ይጥፋ።